የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዛሬው ጽሑፌ መነሻ በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3 ከቁጥር 12 እስከ 13 ያለው ታሪክ ነው። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት እስራኤላውያን የሁለተኛውን ቤተ መቅደስ መሠረት በጣሉበት ዕለት ካህናቱ መለከት፣ ሌዋውያኑም ጸናጽል ይዘው ቆሙ። ሕዝቡ በደስታ ጮኸ። ነገር ግን ዕድሜያቸው የገፋ፣ የፊተኛውን ቤት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። እልልታውና ልቅሶው ከመደባለቁ የተነሣ ከሩቅ ለሚሰማ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት አልተቻለም። እኔ ይህን ምንባብ ብዙ ጊዜ ስሰማ የቆምሁት ከእልልታው ወገን ነበር። ወጣት ነኝና አዲስ ቤት ሲሠራ ደስ ይለኛል። ልቅሶው የገባኝ ባለፈው ጥር ነው፤ እርሱም መጽሐፍ በማንበብ ሳይሆን በገዛ አገሬ፣ በዲማ አካባቢ፣ ሁላችሁም ባዋጣችሁለት ጉዳይ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከፊሉ ትምህርት፣ ከፊሉ ኑዛዜ፣ ከፊሉም ለእናንተ የማቀርበው ሒሳብ ነው።

ዲማን የማታውቁ ትኖሩ ይሆናል። በምሥራቅ ጎጃም በእናርጅ እናውጋ የሚገኝ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስን የመሠረቱት አቡነ ተከስተ ብርሃን መሆናቸውን የደብሩ ትውፊት ይናገራል። ዲማ ስሙ የተጠራው ግን በሕንፃው ብቻ አይደለም፤ በጉባኤው ጭምር ነው። ስንቱ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ወደዚያ ደብር ወጥቷል! ፍቅር እስከ መቃብርን (በ1958 ዓ.ም. የታተመውን) ያነበበ ሰው ዲማን ሳይረግጠው ያውቀዋል። ልቦለድ በመንፈሳዊ ጽሑፍ ውስጥ ምን አገባው የሚለኝ ቢኖር፣ ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመሻገራቸው በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ ናቸውና ይታገሠኝ።

እኔ የተወለድሁት ከዲማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ አጥቢያ ነው። የአጥቢያውን ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ሲወርዱ ይገባችኋል። የእኛም ታቦት ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም እንደ ዲማ ክብ ነው፤ ብቻ በጣም ያንሳል። ለልጅ ግን ዓለምን የሚያህል ነበር።

የክቡን ቤተ ክርስቲያን አሠራር ጥቂት ላብራራ። የከተማ ልጆች ብዙ ጊዜ ሳይመለከቱት ያልፉታልና። ጥንት የነበሩት የአክሱም ዘመን አብያተ ክርስቲያናት፣ ደብረ ዳሞም ሆነ በኋላ ከዓለት የተፈለፈሉት የላሊበላ ሕንፃዎች በአብዛኛው ባለ አራት ማዕዘን ነበሩ። ክቡ አሠራር በደጋው አገር በብዛት የተስፋፋው ከግራኝ ጦርነት (ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም.) ወዲህ፣ በተለይም በጎንደር ዘመን ነው። በዚያ ጦርነት ብዙ ያማሩ ሕንፃዎች ተቃጠሉ። እዚያው በእኛው ጎረቤት በእነብሴ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት መርጡለ ማርያምም አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የአጥቢያው ሕዝብ ቤተ ክርስቲያኑን የሠራው በሚያውቀው ዕውቀት ነው። የጎጃም ባላገር ቤቱን እንዴት ይሠራል? መካከል ላይ ችካል ይተክላል፤ በችካሉ ገመድ ያስራል፤ በገመዱ ጫፍ ዙሪያውን እየሄደ ይሰምራል። ከዚያ እንጨቱን ያቆማል፣ በማገር ያያይዛል፣ ጭድ በተቦካ ጭቃ ይመርጋል፣ ሣር ይከድናል። የእግዚአብሔርንም ቤት እንዲሁ ሠራለት፤ በግዝፈትና በጥድና በወይራ ምሰሶ ብቻ ለየው።

ነገር ግን ወደ ውስጥ ግቡ። በመጀመሪያ የምታገኙት ቅኔ ማኅሌቱን ነው፤ መዘምራኑ ከበሮና ጸናጽል ይዘው የሚቆሙበት ነው። ቀጥሎ ቅድስት ይመጣል፤ ቆራቢው የሚቆምበት ነው። ከመካከል መቅደሱ አለ፤ ታቦቱ ያለበት፣ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም የማይገባበት ነው። መቅደሱ ግን ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው! የባላገሩ ጎጆ ከውጭ፣ የሰሎሞን መቅደስ ከውስጥ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን የሰሎሞንን ቤት፣ መግቢያውን፣ ቅድስቱንና ቅድስተ ቅዱሳኑን ያነበበ ሰው በሣር ክዳን ሥር ያንኑ ሦስትነት ያገኘዋል። ይህን ያሰቡት አባቶች የሥነ ሕንፃ ዲፕሎማ አልነበራቸውም። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተቀምጬ ከዚህ የበለጠ ብልህ ሐሳብ ገና አልሰማሁም።

ከላይ ጉልላቱ አለ፤ ብዙ ጊዜም የሰጎን እንቁላል ይሰካበታል። ሰጎን እንቁላሏን ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች ይባላልና፣ ጸሎታችሁም እንዲህ ይሁን ለማለት ነው። ከግቢው ውጭ ደግሞ ዛፉ አለ። ዛሬ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ጎጃምን ብታዩት በታረሰው ሜዳ መካከል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያችኋል፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቤተ ክርስቲያን ነው። አገሩ በሙሉ ሲመነጠር ጥዱና ወይራው የተረፈው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልምጣ። የመቅደሱ ግድግዳ ከቅድስቱ በኩል ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። በምዕራቡ በር ግራና ቀኝ የመላእክት አለቆች ሰይፋቸውን መዝዘው ይጠብቃሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል፤ ብሩታዊት ከዛፉ ላይ ሆና ታያለች። ሠዓሊዎቹ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ከሐዲውን ደግሞ በአንድ ዓይኑ በጎን ይሥሉታል። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ዱድያኖስን ለይቼ አውቀው የነበረው በዚህ ነው። አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አንዲት ፊደል አላነበቡም፤ ነገር ግን የሕማማቱን ታሪክ ከግድግዳው ላይ ቅደም ተከተሉን ሳይስቱ ይነግሩን ነበር። “እዚያ ጥግ ላይ ጲላጦስ እጁን ይታጠባል፤ ዕየው” ይሉኝ ነበር።

እንግዲህ ኑዛዜዬ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሚያዝያ 23 ክብረ በዓል ሲቃረብ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቤተ ክርስቲያኑን እንድናጸዳ ታዘዝን። ምንጣፉን አራገፍን፤ የሌሊት ወፍ ኩሱን ጠረግን። እኔ ግን ዓይኔ ከግድግዳው ላይ አረፈ። የስንት ዘመን የጧፍና የዕጣን ጢስ ሥዕሉን አጥቁሮታል። ለበዓሉ ቢያበራ ደስ አይልምን? ማንንም ሳልጠይቅ በባልዲ ውኃ ቀዳሁ፤ ሳሙና በጠበጥሁበት፤ በእራፊ ጨርቅ የአንዱን ሰማዕት ፊት መጥረግ ጀመርሁ። በመጀመሪያ ጥቁሩ ለቀቀ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ቀዩ መጣ። ከዚያ ቢጫው። እጄን ሳነሣ ዓይኖቹ አልነበሩም።

በኋላ እንደ ተረዳሁት የዱሮ ሠዓሊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሥሉት በግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ ቀለሙንም የሚያያይዙት ከእንስሳ ቆዳ በሚወጣ ሙጫ ነው። ሙጫው ውኃ ሲነካው ይሟሟል። ጢሱ የተቀመጠው ከቀለሙ ላይ ስለ ሆነ ጢሱን ለማንሣት የታገልሁበት ውኃ ቀለሙን ከሥሩ ነቀለው። ያን ጊዜ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው አላየኝም። በሥዕሉ ላይ የሚጋረደውን መጋረጃ ሳብሁበትና ወጣሁ። በበዓሉ ዕለት መጋረጃው አልተገለጠም። ከዚያም በኋላ ያን ጥግ ሳልመለከት ማለፍ ለመድሁ። ለንስሓ አባቴም አልተናገርሁም። ስንት ጊዜ ስለ ትንሽ ውሸትና ስለ ስድብ ተናዝዤ ስመለስ ይህን ግን “ጥፋት ሳይሆን አለማወቅ ነው” እያልሁ ለራሴ ፈረድሁ። አለማወቁስ እውነት ነው፤ መጋረጃውን መሳቤ ግን አለማወቅ አልነበረም።

ለትምህርት አዲስ አበባ ስገባ መጀመሪያ የተሳለምሁት የአራዳውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው። ከገጠር ለመጣ ልጅ ያ ስምንት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ የሚያስደነግጥ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ነው፤ ዐድዋም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው በወርኃዊው የጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ንድፉን ያወጣው ኦርፋኒደስ የተባለ የግሪክ ሰው፣ ግንባታውን የመራው ደግሞ በዐድዋ የተማረከው ኢጣሊያዊ ሴባስቲያኖ ካስታኛ ነው። በጊዮርጊስ ቀን የተማረከ ሰው ለጊዮርጊስ ቤት ሠራ! ሥራው በ1903 ዓ.ም. ገደማ ተፈጸመ። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያው ነው። በ1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች በእሳት አቃጠሉት፤ የድንጋዩ ግድግዳ ግን ቆመ፤ ከ1933 ዓ.ም. የነፃነት ድል ወዲህም ታደሰ። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችም ይገኙበታል።

እኔም ከዚህ ሁሉ ታሪክ የወሰድሁት ትምህርት አንድ ብቻ ነበር፤ ድንጋይ ይሻላል። ጭቃ ይፈርሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ቆርቆሮው ሚስማሩ በዛገ ቁጥር ያፈስሳል። ስለዚህ “የአጥቢያችንን አሮጌ ቤት አፍርሰን በቦታው አዲስ እንሥራ” የሚለውን ሐሳብ ያነሣሁት እኔ ነኝ። የክፍል ጓደኛዬ ንድፍ ሣለልኝ፤ የሲሚንቶ ግድግዳ፣ ባለ መስታወት መስኮት፣ ሦስት ጉልላት። እናንተም ከኪሳችሁ አዋጣችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለፈው ጥር 18 ቀን፣ በዝርወተ ዐፅሙ በዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው በዛፍ ሥር ተሰብስቦ ንድፉን አቀረብሁ። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም የሐጌን ምዕራፍ 1 ጠቅሼ ሰው ባማረ ቤት ተቀምጦ የእግዚአብሔር ቤት ቢፈርስ ነውር መሆኑን ተናገርሁ። ያን ጊዜ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ድምፅ አላሰሙም፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ሰው “የኔታ በደስታ አለቀሱ” አለ። እኔ ከአጠገባቸው ስለ ነበርሁ በደስታ እንዳልሆነ አውቄአለሁ።

ዕለቱ ምን እንደ ነበር አስቡት። ዝርወተ ዐፅም ማለት ከሐድያን የሰማዕቱን ሥጋ አቃጥለው፣ ፈጭተው፣ በደብረ ይድራስ ላይ የበተኑበት መታሰቢያ ነው። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ በጭቃ ላይ ተለጥፏል፤ ጭቃው ሲፈርስ ምን ይተርፋል? እኔ የአንዱን ሰማዕት ፊት በእራፊ ጨርቅ አጠፋሁ። አሁን ደግሞ የቀሩትን ሁሉ በሕዝብ ጭብጨባ ልበትናቸው ንድፍ ይዤ ቆሜአለሁ።

ማታ ወደ የኔታ ቤት ሄጄ ነገርኋቸው። ባልዲውን፣ ሳሙናውን፣ መጋረጃውን። ዝም ብለው ሰሙኝና፦

“አውቄአለሁ” አሉኝ።

“መቼ አወቁ የኔታ?”

“በዚያው ሳምንት። ሳሙናው ከወለሉ ላይ ደርቆ ነበር። ሥዕል ለማጠብ የሚደፍር ደግሞ በዚያ መንደር ከአንተ በቀር ማን ነበረ?”

“ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ?”

“ራስህ እስክትመጣ ነው። ብዙ ቆየህ እንጂ።”

ከዚያ በኋላ ስለ ሕንፃው ጠየቅኋቸው። እግዚአብሔር ሰው በሠራው ቤት እንደማይወሰን ሰሎሞን ራሱ መስክሯል፤ (1ኛ ነገ. 8፥27) ቅድስናው ከታቦቱ እንጂ ከጭቃው አይደለም፤ ታዲያ ስለ ጭቃ ለምን ያለቅሳሉ? አልኋቸው። የሎጂክ ትምህርት የተማርሁ መሆኔን ለማሳየት ነበር መሰለኝ። እርሳቸው ግን፦ “እኔ ለጭቃው አላለቀስሁም። አያትህ ጲላጦስን ለማን ያሳዩት ነበር?” አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፤ ራታቸውን አቀረቡልኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከጎጃም ከተመለስሁ ጀምሮ ይህን ጉዳይ ሳገላብጠው ቆይቻለሁ። የአዲስ ሕንፃ ጠላት አልሆንሁም። ሕዝቡ በዝቷል፤ በበዓል ቀን ብዙ ሰው በዝናብ ውስጥ ከውጭ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ይህን የማያስብ ሰው ስለ ቅርስ ቢናገር አልሰማውም። ነገር ግን መሥራት ማለት የግድ ማፍረስ ማለት ነውን? አክሱም ሂዱ። ዐፄ ፋሲል ያሠሩት አሮጌው የጽዮን ቤተ ክርስቲያን በስፍራው ቆሟል፤ በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ የተሠራው ታላቁ አዲስ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው አጠገብ ቆሟል። አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቅቅ አልተባለም። አራዳ ጊዮርጊስም በተቃጠለ ጊዜ ሰዎቹ ያንኑ ስምንት ማዕዘን መልሰው አደሱት እንጂ ከመሠረቱ ነቅለው በሌላ አልለወጡትም፤ ይህን ዐሥር ጊዜ ተሳልሜው ሳላስተውለው ቀርቻለሁ።

የባዕድ አገር ምሳሌም ልጨምር። በፓሪስ ከተማ ያለው የእመቤታችን ታላቅ ካቴድራል፣ ኖትር ዳም የሚባለው፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ጣራው በእሳት ጠፋ። ያን ጊዜ ጣራው በብረትና በመስታወት ይሠራ የሚሉ ነበሩ። እነርሱ ግን የቀድሞ ሠራተኞች እንዳደረጉት ከዛፍ ግንድ ጠርበው በእንጨት መልሰው ሠሩት፤ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። ገንዘቡም ዕውቀቱም ያላቸው ሰዎች ወደ እንጨቱ ሲመለሱ፣ እንጨቱ ያልጠፋብን እኛ ለምን እንቸኩላለን?

በአጥቢያችን ያለው ችግር ዋናው ጣራው ነው። የቆርቆሮው ሚስማር በዝጓል፤ ውኃው በጉልላቱ ሥር እየገባ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ይወርዳል፤ ጨርቁም ከጭቃው መላቀቅ ጀምሯል። ጣራው ከተጠገነ ግድግዳው ይደርቃል። ሥዕሉን መንካት የሚገባው የተማረ ባለሙያ እንጂ እንደ እኔ ያለ ባለ ባልዲ አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱን ሥዕል ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ ግን እኛም እንችላለን። ስፋቱ ያነሰውን ሕዝብ በተመለከተ ከግቢው በስተደቡብ ዛፍ ሳይቆረጥ አዲስ ሕንፃ ሊያርፍበት የሚችል ገላጣ ቦታ እንዳለ የኔታ አሳይተውኛል።

ሰበካ ጉባኤው ነገሩን በሚያዝያ 23 በዓል ቀን እንደገና ሊያየው ቀጠሮ ይዟል። ንድፉን አነሣለሁ ማለቴን የሰሙ ጎረምሶች ተቀይመውኛል፤ “ከተማ ሄዶ ሐሳቡን ለወጠ” ይላሉ። በእነርሱ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር። በዚያ ዕለት መጋረጃውን ራሴ ገልጬ በሕዝቡ ፊት የሠራሁትን እናገራለሁ፤ ለንስሓ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ፤ ይህ ግን ለሕዝቡ የሚገባ ነው።

ከእናንተ የምሻው አንድ መልስ ነው። ያዋጣችሁት ገንዘብ ለአዲስ ሕንፃ ተብሎ የተሰበሰበ ነው። ለሌላ ነገር ማዋል የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ አንዲት ሳንቲምም አልተነካችም፤ በገንዘብ ያዡ እጅ አለ። ለጣራው ጥገና ይዋል የምትሉ፣ ወይም ይመለስልን የምትሉ፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ እሑድ ድረስ ከጉባኤ በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ካሜራ ያላችሁ ደግሞ አብራችሁኝ ብትወጡ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ማደሪያው በየኔታ ቤት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።